ከጆንያው ላይ የፋቅከው የአባባ ምልክት

ለወንድሜ ለሙኒር ሸኩር
ጆሃንስበርግ

አሰላሙ አለይኩም ወረሕመቱላህ። ሰላምታ የአላህ ነው፣ ለማንም አይከለከልም፤ ላንተም የማቀርበው ለዚህ ነው። ጤናህ እንዴት ነው? ያ የወገብ ሕመምህ፣ የሚሸጥ ብርድ ልብስ ተሸክመህ ከቤት ቤት መዞር ከተውክ ወዲህ ተሻለህ? አሁን እናንተ ዘንድ ብርዱ የሚበረታበት ወር ነው ይላሉ። ትበላለህ? ትለብሳለህ? እንቅልፍስ ይወስድሃል? ይህን የመጨረሻውን የጠየቅኩህ ለወጉ አይደለም፣ ከልቤ ማወቅ ፈልጌ ነው።

እኛ አልሐምዱሊላህ አለን። እማዬ ጉልበቷን እያመማትም ቢሆን ደህና ናት፤ ጅማ ሄርማታ ያለውን ቤት ዘግታ እኔ ዘንድ ሰርቦ ከመጣች ሁለት ሳምንት አልፏታል። ባለቤቴ ጅብሪል ደህና ነው። ልጄ ከድጃ የስምንተኛ ክፍል ፈተና ወስዳ ውጤት ትጠብቃለች። ዝናቡ ዘንድሮ ያለ ልክ ነው፣ ቡናው ግን ጥሩ ፍሬ ይዟል። እኔን ከጠየቅከኝ ደህና ነኝ ብዬ አልዋሽህም፤ ውሸቱ ካንተ በኩል የመጣው ይበቃናል።

ስልክ እያለ ወረቀት ምን አስፈለጋት ትል ይሆናል። ድምፅህን ከሰማሁ አዝዬ ያሳደግኩህ ልጅ ትሆንብኛለህ፣ ላዝንልህ እጀምራለሁ፤ ላዝንልህ ደግሞ አልፈልግም። በስልክ የላክሁልህንም ምን እንዳደረግከው አይቻለሁ። የጎረቤታችን ልጅ ሪያድ ነገ ሐሙስ ወደ እናንተ ስለሚመለስ በእጁ ልኬልሃለሁ። ይህንንም ፎቶ አንስተህ መለጠፍ ካማረህ ለጥፈው፤ ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ ይሁን፣ የምትቆርጠው እንዳይኖር።

ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ ነውና ከመጀመሪያው ልነሳ። የማስተምርበት ትምህርት ቤት ምርጫ ጣቢያ ሲሆን እኔ የጣቢያው ኃላፊ ተባልኩ፣ ጋሽ ጣሰው ደግሞ መዝገብ ያዥ። ጋሽ ጣሰው ማን እንደሆኑ ላንተ መንገር አይገባኝም ነበር፤ ግን የረሳሃቸው ይመስለኛል። የቀበሌ ጸሐፊ ሳሉ፣ አንተ ፓስፖርት ላውጣ ስትል ወረቀትህን ይዘው ሦስት ቀን ጅማ የተመላለሱት እሳቸው ናቸው። አባባ አላህ ይዘንላቸውና የሞቱ ቀን፣ ክርስቲያን ናቸው ሳይባል ቃሬዛውን ከፊት የያዙትም እሳቸው ናቸው። አንተ ያኔ ጆሃንስበርግ ነበርክ፣ በስልክ አልቅሰህ «ጋሽ ጣሰውን በጣም አመስግኚልኝ» ብለኸኛል። አመስግኛቸው ነበር።

ከምርጫው በፊት ጅማ ሁለት ቀን ሰለጠንን። ከዩኒቨርሲቲው ከኪቶ ፉርዲሳ ግቢ የመጣች ጊፍቲ የምትባል ወጣት የኮምፒውተር መምህርት፣ የውጭ ሰዎች ምርጫችን ውስጥ በስልክና በኮምፒውተር እንዴት እጃቸውን እንደሚያስገቡ አስረዳችን። የይለፍ ቃላችሁን ቀይሩ፣ የማታውቁትን ሊንክ አትንኩ፣ ያላጣራችሁትን አታስተላልፉ አለች። ዛሬ ምርጫ ለማበላሸት ሳጥን መስረቅ አያስፈልግም፣ ሰው ሳጥኑን እንዳያምነው ማድረግ ይበቃል አለች። ጋሽ ጣሰው ይህችን ቃል በቃል ደብተራቸው ላይ አሰፈሯት። እኔ ግን የውጭ እጅ ሲባል የሚታየኝ ቋንቋችንን የማያውቅ፣ ስማችንን መጥራት የሚያቅተው ባዕድ ነበር። በሥራው ላይ ፎቶ እንደማናነሳም ፈርመን ወጣን። የፈረምኩት እኔ ነኝ፣ ያፈረስኩትም እኔ ነኝ። ይህችን ጥፋት ለራሴ ይዣታለሁ፣ ላንተ አላካፍልህም።

በምርጫው ዋዜማ ባዶዎቹን ሳጥኖችና የመዝገቡን ካርቶን ከቀበሌ ወደ ትምህርት ቤቱ ስንወስድ መኪናው ጭቃ ውስጥ ቀረ። የፈረስ ጋሪ ለመንን። እቤቴ አጠገብ ስንደርስ ዝናቡ ወረደ። እዚህ አገር ዝናብ ሲመጣ ሰው የሚያደርገውን አደረግኩ፤ ቤት ሮጬ የአባባን ጆንያዎች ይዤ ወጣሁ። ቡና ነጋዴ ቤት ያደገ ሰው እንዳይረጥብበት የሚፈልገውን ሁሉ በጆንያ ይሸፍናል፣ በርበሬም ይሁን ሬዲዮ። አንተ ራስህ ጆንያውን እንደ ቆብ አጥፈህ፣ በራስህ ላይ ደፍተህ አልነበረም ትምህርት ቤት የምትሄደው? ጋሽ ጣሰው ጋሪው ላይ ወጥተው ጆንያውን ንፋስ እንዳይገልጠው በሁለት እጃቸው ያዙ። የፓርቲዎቹ ታዛቢዎች በግራና በቀኝ እየበሰበሱ ይከተላሉ።

ያንተ መልእክት የገባው ያን ጊዜ ነው። «ዙሁዬ፣ አገሬ ናፈቀኝ፣ ዝናቡን አሳዪኝ» አልከኝ። ወላሂ እንዲህ ያለ ቃል ካንተ ከሰማሁ ዓመት አልፎኝ ነበር። አንድ ፎቶ አነሳሁ፣ ለአንድ ሰው ላክሁ።

በማግስቱ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሳጥኖቹን ከፍተን ባዶ መሆናቸውን ለተሰለፈው ሁሉ አሳየን፣ ከዚያ አሸግናቸው። ሰልፉ ከግቢው አልፎ መንገድ ወጥቷል። እናቶች ከነልጆቻቸው፣ ሽማግሌዎች ከነምርኩዛቸው። ጭቃ ይዘው እንዳይገቡ ከአባባ ጆንያዎች አንዱን በሩ ላይ ለእግር መጥረጊያ አነጠፍኩት፣ ቤታችን እንደምናደርገው። ሦስት ሰዓት ግድም ስልክ ከእጅ ወደ እጅ ይዞር ጀመር፣ የሰዉም ፊት ተራ በተራ ሲለወጥ በመስኮት አየሁ። «የቡና ሰፈር ልጆች» የሚል ገጽ ላይ የእኔ ፎቶ ወጥቷል። ታዛቢዎቹ ተቆርጠው የሉም። የጋሽ ጣሰው ፊት በቀይ ክብ ታጥሯል። ከላይ በአማርኛ፣ ከታች በኦሮምኛ፣ «ድምፃችሁ በቡና ጆንያ ተጭኖ አደረ፤ ሽማግሌውን ጠይቁት» ይላል። የገጹ ባለቤት ተብላ የተለጠፈችው የጅማ ልጅ ነኝ የምትል፣ ሻርፕ የተከናነበች ቆንጆ ልጅ ናት። አሁን ማን እንደሆነች አውቃለሁ፤ ጢም አላት፣ ወገቧንም ያማታል።

ጠይቁት ተብለው የለ፣ ሊጠይቁ መጡ። በሩ ላይ ያነጠፍኩትን ጆንያ ሲያዩ አንዱ አንስቶ ከፍ አደረገውና ለሌሎቹ አሳየ፣ ጩኸቱም ከዚያ ተነሣ። ጋሽ ጣሰው ከመዝገቡ ተነሥተው በሩ ላይ ቆሙ። «ልጆቼ፣ ማሎ፣ እባካችሁ፣ ለዝናብ ነው፤ ሳጥኑ ሲከፈት እኮ አብረን ነበርን» አሉ። ከዚህ በላይ ለመናገር ጊዜ አልሰጧቸውም። ድንጋዩን የወረወረው ፋሂም ነው፣ የሁለት ልጆች አባት የሆነው ጎማ ጠጋኙ ፋሂም። ጠዋት ቀድመው ከመረጡት አንዱ ነበር፣ ጣቱ ላይ የምርጫው ቀለም አለ።

ቀኝ ዓይናቸው ጠፋ። ጅማ ብናደርሳቸውም ሐኪሙ የሚሆን ነገር የለም አለን። ድምፅ መስጠቱ ቆመ፣ ሐምሌ 12 እንዲደገም ቀን ተቆረጠ። ፋሂም እስር ላይ ነው፣ ሚስቱ ምግብ ይዛ ስትመላለስ በየጠዋቱ በደጄ ታልፋለች፤ ሰላም ስላት አንገቷን ትደፋለች። ወርዋሪው ተያዘ። ድንጋዩን ያቀበለው ግን ቢሮ ውስጥ ተደላድሎ ሻይ ይጠጣል።

በሦስተኛው ቀን ደወልኩልህ። ባለፈው ረመዳን «ከእንግዲህ ፀሐይ ላይ አልዞርም፣ ለአገር ቤት ሰው መጻፍ ሆኗል ሥራዬ» ያልከን ቀን እማዬ በደስታ ለጎረቤት ሁሉ ቴምር አከፋፍላለች። ማን ነው የሚያጽፋችሁ ብዬ ያኔ አልጠየቅኩም። አሁን ስጠይቅህ ለካ አንተም አታውቅም። አለቃችሁን በስክሪን እንጂ በአካል እንዳላያችሁት፣ በግራህ በስዋሂሊ፣ በቀኝህ በሐውሳ የሚጽፉ ልጆች እንዳሉ ነገርከኝ። እያንዳንዱ በእናቱ ቋንቋ የእናቱን አገር ያምሳል ማለት ነው። «ለማንም አንወግንም እኮ፣ አንዱን ሳምንት ለዚህኛው፣ ሌላውን ሳምንት ለዚያኛው እንጽፋለን» ብለህ ልታጽናናኝ ሞከርክ። ለአንዱ ብትወግኑ ኖሮ ቢያንስ አንድ የሚጠቀም ሰው በተገኘ ነበር። እናንተ የምትፈልጉት ማንም ማንንም እንዳያምን ነው።

እነዚያ አሠሪዎችህ ሰርቦን በካርታ ፈልገው አያገኟትም። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል፤ እነሱ ይናቁን፣ ባዕድ ናቸው። አጥሩ በየት በኩል እንደላላ ያሳየሃቸው ግን ግቢው ውስጥ ያደግከው አንተ ነህ።

ጥፋቱ ያንተ ነው ስልህ «ፎቶውን ሰጠሁ እንጂ ጽሑፉን ሌላ ልጅ ነው የጻፈው» አልክ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ። ሲጨንቅህ ደግሞ «ጆንያው የምን እንደሆነ አላጣራሁም፣ ጣሰው መሆናቸውንም ልብ አላልኩም፣ ስህተት ነው» አልክና ስልኩን ዘጋህ። እኔ ሞኟ ይህን አመንኩህ። ሁለት ቀን ሙሉ ጥብቅና ቆምኩልህ። ለጅብሪል፣ ለጋሽ ጣሰው ሚስት ለእትዬ የኔነሽ ሳይቀር፣ አላወቀም፣ ቸኩሎ ነው እያልኩ ለመንኩልህ።

በአምስተኛው ቀን ሆስፒታል ሄጄ ሁሉንም ለጋሽ ጣሰው ተናዘዝኩ። ፎቶውን ያነሳሁት እኔ ነኝ፣ የላክሁትም ለሙኒር ነው አልኳቸው። ልጃቸው ትህትና ተነሥታ ወጣች። እሳቸው አልተቆጡም፣ ፎቶውን አሳዪኝ ብቻ አሉ። ስልኩን ወደ ግራ ዓይናቸው አስጠግተው ብዙ ጊዜ አዩት። ከዚያ «ዙሀራ፣ እኔ የያዝኩት ጆንያ ላይ የሸኩር ምልክት ነበረ። እዚህ ላይ የት ሄደ?» አሉኝ።

የእኔን ፎቶ አውጥቼ ከተለጠፈው ጋር አስተያየሁት። በእኔው ላይ ምልክቱ ፊት ለፊት ነው፤ በክብ ውስጥ ያለችው አረንጓዴዋ ሸ፣ ከጅማ እስከ ሰርቦ ቡና የነካ ሰው ሁሉ የሚያውቃት። በእናንተው ላይ ጆንያው ባዶ ነው። ቦታዋ ብቻ ትንሽ ደብዝዟል፣ ሰው በአውራ ጣቱ እንዳሸው።

ያቺን ምልክት የቀባሃት አንተ ነህ ሙኒር። አሥራ ሁለት ዓመትህ ነበር። አባባ «የዚህ ልጅ እጅ አይንቀጠቀጥም» ብለው ብሩሹን ሰጡህ፣ አንድ ክረምት ሙሉ በየጆንያው ላይ ስትቀባ ከረምክ፣ ጥፍርህ ሥር የገባው አረንጓዴ ቀለም እስከ ዒድ አልለቀቀህም። እና የምን ጆንያ እንደሆነ አላጣራሁም ትለኛለህ? ጆንያው የማን እንደሆነ አውቀሃል። ማን እንደያዘው አውቀሃል። ሰው ምልክቷን ካየ «ይሄማ የሸኩር ጆንያ ነው፣ ዙሀራ ከቤቷ አምጥታ ይሆናል» ብሎ ስቆ እንደሚያልፍም አውቀሃል። ስለዚህ ፋቅካት። የአባቴ ስም እንዳይነሣ ብዬ ነው እንዳትለኝ፣ ያም ቢሆን ያው ነው። የአባትህን ስም አትርፈህ የወዳጃቸውን ዓይን ሰጠህ።

አሁን ያለንበትን ልንገርህ። ጋሽ ጣሰው ከሆስፒታል ወጥተዋል፣ ከቤት ግን አይወጡም። ስማቸው ጠፍቶ «ባለ ጆንያው» ሆነዋል። ሠላሳ ዓመት የዚህን ከተማ ልደትና ሞት ሲጽፉ አንድ ቀን በሐሰት ያልተጠረጠሩ ሰው፣ ዓይናቸውን ያጡት ሳያንስ ሌባ ናቸው ተባሉ። ሐምሌ 12 አንወጣም የሚለው ሰው ይበዛል። እውነተኛውን ፎቶ ይዤ ቤት ለቤት ዞሬያለሁ፤ «አንቺማ ኃላፊ ነበርሽ፣ አንቺው ነሽ ምልክቱን የጨመርሽበት» ይሉኛል። ፎቶ ማንሳቴን ራሴ ስላመለከትኩ ከኃላፊነቱ ተነሥቻለሁ። ለማን ላክሽው ሲሉኝ ስምህን ሰጥቻለሁ፤ አልደበቅኩህም፣ ከሌላ ሰው ብትሰማው እንዳይገርምህ። ጊፍቲ ገጹን ልታዘጋ ብዙ ደከመች። ተዘጋ ስንል በማግስቱ ያቺው ቆንጆ ልጅ በሌላ ስም ብቅ አለች። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ በእኔ ማስተባበያ አይመለስም፣ በጊፍቲም እውቀት አይመለስም። ሰው የሚያምነው ራሱ ያደረገው ሰው ወጥቶ ሲናገር ብቻ ነው።

ሪያድን «ለጋሽ ጣሰው ሕክምና የሚሆን ልላክ» ብለኸዋል አሉ። አትላክ። እትዬ የኔነሽ ከደጅ ይመልሱታል።

ከዚህ ወረቀት ጋር ታጥፎ የመጣልህን ፍታው። የዚያው የጆንያው ቁራጭ ነው፣ ምልክቷን ዙሪያዋን በመቀስ ቆርጬ ነው የላክሁልህ። ቀለሟ ትንሽ ለቋል እንጂ ያው የእጅህ ሥራ ናት። እሷን በእጅህ ይዘህ፣ የቆንጆዋን ልጅ ፊት አውልቀህ፣ በገዛ ፊትህ ተናገር። «እኔ ሙኒር ሸኩር ነኝ። ይህ የአባቴ ጆንያ ነው። ለዝናብ ነበር። ምልክቱን የፋቅኩት እኔ ነኝ። ጋሽ ጣሰው ምንም አላደረጉም» በል። በአማርኛም በኦሮምኛም በለው፤ ለክፋቱ ጊዜ ሁለቱም አልቸገሩህም። ከሥራ ያባርሩኛል ብለኸኛል። ያባርሩህ። ወደ ብርድ ልብሱ ተመለስ፣ ቢበዛ ወገብህን ያምሃል። ከሐምሌ 12 በፊት ግን ይሁን፤ ሰው የሰጠው ድምፅ እንደሚቆጠር አምኖ እንዲወጣ፣ ጋሽ ጣሰውም ቀና ብለው መጥተው በቀረችው ዓይናቸው እያዩ እንዲመርጡ።

አሁን ሰላምታውን ላድርስ። ጅብሪል ሰላም በዪውም አላለኝ፣ አትበዪውም አላለኝ። ከድጃ «አጎቴን በጣም ናፍቄዋለሁ በዪልኝ» ብላለች፣ እሷ ገና አልሰማችም። እትዬ የኔነሽ ምንም አላሉም። ትህትና ስምህ ሲነሣ ከቤት ትወጣለች። ጋሽ ጣሰው ግን «ለሙኒር ሰላም በዪልኝ» ብለዋል። ባይሉ ይሻልህ ነበር።

እማዬ በጣም፣ እጅግ በጣም ሰላም ብላሃለች። የፎቶውን ነገር ሰምታለች፤ የለጠፈው ማን እንደሆነ ግን አታውቅም፣ ሊነግራት የደፈረ የለም። ከመግሪብ ሰላት በኋላ እጇን ዘርግታ ዱዓ ስታደርግ ሁላችንንም አጠገቧ አስቀምጣ አሚን ታስብለናለች። መጀመሪያ ያንተን ነው የምታደርገው። «ሙኒሬን በሰው አገር ጠብቅልኝ፣ ዓይኑን ሳላይ አትግደለኝ» ትላለች። ሁላችንም አሚን እንላለን። ወዲያው ቀጥላ «ጣሰውን ያሳወረውን፣ ያንን ፎቶ የለጠፈውን ሰው እጁን አድርቀው፣ ለእናቱም አታብቃው» ትላለች። ጅብሪል መሬት መሬት ያያል። ከድጃ ጮክ ብላ አሚን ትላለች። እኔ ዝም እላለሁ። ትናንት እማዬ ዞር ብላ አየችኝና «አንቺ ምነው በዚህኛው ላይ አሚን አትዪም?» አለችኝ። ጉሮሮዬን አሞኝ ነው አልኳት።

እስከ ሐምሌ 12 ጉሮሮዬን ያመኛል። እስከዚያ ካልተናገርክ ግን በዚያው ቀን መግሪብ ላይ ይሻለኛል፣ እኔም ከእናትህ ጋር አሚን እላለሁ።

እህትህ ዙሀራ ሸኩር
ሰርቦ፣ ሐምሌ 1 ቀን 2018 ዓ.ም.